የእናት ቤት ሲካፈል

አርባው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የእድር ሰዎች ወንበርና ሰሃን ያመላልሳሉ፣ እህትና ወንድም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ከአሜሪካ የመጣውም ከሰፈር ያልወጣውም አንድ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ፤ እናታቸውን እያነሱ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ እንባ ይቀድማቸዋል። ከዚያ ተዝካሩ ይወጣል። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ "ነፍሷን ይማር" ብሎ ሲሄድ፣ አንዱ ቀስ ብሎ "እንግዲህ የቤቱን ነገርስ ምን እናድርግ?" ይላል።

ስንት ቤተሰብ እዚህች ጥያቄ ላይ እንደተለያየ ዙሪያችሁን ብታዩ አታጡትም።

ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ስለ እምነት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ጾሙን፣ ጸሎቱን፣ ስለቱን፣ ንግሡን ነው። ሁሉም ያደግኩበት ነው፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ክርስቲያንነታችን ክፉኛ የሚፈተነው የወላጅ ቤት በሚካፈልበት ቀን ይመስለኛል። ምክንያቱም እዚያ ቀን ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰው ጠላትህ አይደለም። አብረኸው ከአንድ ትሪ የበላህ፣ ጫማውን የወረስክ፣ እናትህ ስትቆጣህ የሸሸገህ ሰው ነው። ጠላትን ስለ መውደድ ስብከት ሰምተን "አሜን" ያልን ሰዎች፣ ወንድማችንን መውደድ ያቅተናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ እንዲህ የከፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ለአብዛኛው ባለቤት የቀረው የሚኖርበት አንድ ቤት ነው። ያ ቤት የጭቃ ሊሆን ይችላል፣ ጣሪያው ዝጎ ክረምት ክረምት ያፈስ ይሆናል። ወላጆቻችን እዚያ ውስጥ አምስትም ስምንትም ልጅ አሳድገዋል። ዛሬ ያው የጭቃ ቤት ያረፈበት ቦታ ደመወዝተኛ ዕድሜ ልኩን ቢያጠራቅም የማይደርስበት ዋጋ ያወጣል። ልጆቹ ደግሞ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ይንከራተታሉ፣ አከራይ በየጊዜው ይጨምርባቸዋል፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ማስገቢያ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ የሚጣሉት ሁሉ ስግብግብ ናቸው አልልም። አብዛኞቹ የጨነቃቸው ናቸው። ጭንቀት ግን ሰውን ከስግብግብነት ባልተናነሰ ክፉ ነገር ያናግረዋል።

ወንጌል ውስጥ ይሄ ጉዳይ በቀጥታ ተጽፏል። ሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ሕዝቡ እርስ በርሱ እስኪረጋገጥ ተሰብስቦ ጌታ እያስተማረ ሳለ፣ ከመካከል አንድ ሰው ብድግ ብሎ "መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው" ይለዋል። ሰውዬው ትምህርቱን እየሰማ ልቡ ግን ቤት ነበር፣ ወንድሙ ጋ። እኔ ይሄን ሰው አልፈርድበትም። ቅዳሴ ቆሞ ስለ ቤት ካርታ የሚያስብ ሰው ስንት አለ። ጌታም "አንተ ሰው፥ ፈራጅና አካፋይ በላያችሁ እንድሆን ማን ሾመኝ?" አለው። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞሮ "የሰው ሕይወት በገንዘቡ ብዛት አይደለምና ተጠንቀቁ" ብሎ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበውን ባለጠጋ ታሪክ ነገራቸው።

ደጋግሜ ያነበብኩት ክፍል ነው። ሰውዬው ተበድሎ ይሁን አይሁን አልተጻፈም። ምናልባት እውነትም ወንድሙ ድርሻውን ከልክሎት ይሆናል። ጌታ "ጥያቄህ ሐሰት ነው" አላለውም፣ "ተወው" ብሎም አላሰናበተውም። ቃሉን ለሁለቱም አደረገው። ርስቱን ይዞ አልለቅም ላለውም፣ ርስቱን ካላገኘሁ ላለውም። ሁለቱም ሕይወታቸው ያ መሬት ውስጥ ያለ መስሏቸዋል፣ ጌታም የነካው እዚያ ላይ ነው።

ሕጋችን በዚህ በኩል ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል የወላጃቸውን ውርስ እኩል ይካፈላሉ ይላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ "አንቺ አግብተሽ ወጥተሻል፣ ምን አገባሽ" እየተባሉ ባዶ እጃቸውን የቀሩ እህቶች ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቀዋል። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ካልተስማሙ ክስ ይከፈታል። ቤቱ በዓይነት የማይከፋፈል ከሆነ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ድርሻን በሕግ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፣ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳያሸማቅቃችሁ። ሕጉ ግን የማይለካው ነገር አለ። ማን ነው ሌሊት የተነሳው? ማን ነው ገላዋን ያጠበው? ማን ነው ሥራውን የተወው? ሕጉ ሲያካፍል ሁሉም ልጅ ልጅ ነው። የቀረውን ለኅሊናችን ትቶልናል።

አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ። ታሪካቸውን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ግን እተወዋለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነበሩ፤ የተስማሙበትን በወረቀት የሚያሰፍር ሰው ስለተፈለገ ይዘውኝ ሄዱ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ እህት እናቷን እያስታመመች እዚያው ቤት የቀረች ናት፣ ትዳር አልያዘችም። ሁለተኛው አሜሪካ ነው፤ ሁለት ሥራ እየሠራ በየወሩ ብር ይልክ ነበር። ትንሹ ግቢው ውስጥ ባለው ሰርቪስ ቤት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። እናትየው ለብዙ ዓመት ስኳር ነበረባቸው፣ በኋላ አልጋ ላይ ዋሉ። የአሜሪካው ልጅ ቤቱ ተሸጦ ለሦስት እንዲካፈል ይፈልጋል። ትንሹ ከግቢው ንቅንቅ አልልም ይላል። እህትየው የምትለው አንድ ነገር ነው፦ "እኔ የት ልግባ?"

ሽማግሌ ፊት የተቀመጡ ቀን የአሜሪካው ልጅ ስልኩን አውጥቶ የላከባቸውን ደረሰኞች እያሳየ ተናገረ። መድኃኒቱ፣ ምርመራው፣ የሠራተኛዋ ደመወዝ፣ ጣሪያው የታደሰበት፣ ሁሉም ከእሱ ኪስ ነው የወጣው። "እናቴን ያሳከምኳት እኔ ነኝ" አለ። ውሸት አልነበረበትም። በሰው አገር ሌሊት እየሠራ፣ ቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት እየተኛ የላከው ገንዘብ ነው። እዚህ ያለነው ውጭ ያሉት ገንዘብ ከዛፍ የሚያረግፉ ይመስለናል፣ ያም ራሱን የቻለ በደል ነው።

እህትየው መልስ አልሰጠችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ደብተር ይዛ መጣች። ተማሪ ቤት የምንጠቀምበት ዓይነት ነው፣ ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል። ለወንድሟ ሰጠችው። በመስመር በመስመር ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳሩ ልክ፣ የተወጋችው መድኃኒት መጠን ተጽፏል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ጥግ ላይ አጭር ማስታወሻ አለ። አንዱን አባቴ ጮክ ብለው አነበቡት፦ "ሌሊት 9 ሰዓት። ላብ በላብ ሆናለች። 52። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። 10 ሰዓት ላይ 98። ተኛች።" ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው።

ወንድምየው ገጹን እየገለጠ ቆየ። ማንም አልተናገረም።

"እትዬ፣ ለምንድነው ያልነገርሽኝ?" አላት።

"ብነግርህ ምን ታደርጋለህ? አንተም እዚያ እንቅልፍ ታጣለህ እንጂ።"

እዚህ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ቶሎ ብለው "በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉና ጉልበት ተሳሳሙ" ሊሉ ሲሉ፣ ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አንስተው "ቆይ፣ ገና ነው፤ ይነጋገሩ" አሏቸው። እኚያን ሰው የዚያን ቀን ወደድኳቸው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" በአገራችን ትልቅ ቃል ነው። ደም የተቃባ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ በዚህ ቃል ታርቋል። ግን ይሄ ቃል በደልን ማድበስበሻ ሲሆንም አይቻለሁ፣ ሽምግልና ላይ ብቻ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም። ብዙ ጊዜ "ተይ፣ ለሰላም ስትይ ተይው" የሚባለው ማን ነው? ጉልበት የሌለው ነው። እህት ናት፣ ገጠር የቀረው ነው፣ ጠበቃ መግዣ የሌለው ነው። ካርታውን በስሙ ያዞረው፣ በውክልና ስም ቤቱን ያከራየው፣ የኪራዩን ብር ለብቻው የሚበላው ሰው "አንተስ መልስ" ሲባል አይሰማም። ጠቡ ዝም ይላል፣ በደሉ ግን እንዳለ ነው። ይሄንን እርቅ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እርስ በርስ ፍርድ ቤት ስለ መካሰሳቸው ሲገሥጻቸው "ብትበደሉ አይሻልምን? ብትታለሉስ አይሻልምን?" ብሏል። ጥቅሱን እኔም ተጠቅሶ ሰምቼዋለሁ፣ ሁልጊዜ ለተበዳዩ። ቀጣዩን ቁጥር ግን አናነብም፦ "ነገር ግን እናንተ ትበድላላችሁ ታታልሉማላችሁ፥ ያውም ወንድሞቻችሁን።" ሐዋርያው ለተበዳዩ ምክር ሰጠ፣ በዳዩን ደግሞ ፊት ለፊት ገሠጸው። እኛ ምክሩን ለደካማው አሸክመን ተግሣጹን ለጉልበተኛው እንደብቅለታለን። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ያስገባ ዕለት ያለው ምን ነበር? ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደሆንኩ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። "ይቅር በሉኝ" ብሎ ገንዘቡን ይዞ አልቀረም።

ጌታ ራሱ ማንን ወዴት እንደላከ ተመልከቱ። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ይዘህ መሠዊያው ጋ ደርሰህ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ ይላል። እንግዲህ ይሄኛው የተላከው የበደለው ሰው ነው፤ ቅሬታው ያለው ሌላው ጋ ነውና። ማቴዎስ 18 ላይ ደግሞ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው፣ ቢሰማህ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው ይላል። እዚህ የተላከው የተበደለው ነው። "እሱ ይምጣ" ማለት ለማናችንም አልተፈቀደም። ሁለቱም ትእዛዙን ቢፈጽሙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እኛ ቤት ግን ሁለቱም በየቤታቸው ቁጭ ብለው የሌላውን የበር ድምፅ ይጠብቃሉ፤ ዓመት ያልፋል፣ የወንድማማች ልጆች ሳይተዋወቁ ያድጋሉ።

በቅዳሴያችን ውስጥ የምወደው ሰዓት አለ። ጸሎተ ሃይማኖት ከተደረሰ በኋላ ካህኑ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሕዝቡ ይዞራሉ፤ ሳይበቃ የሚቀርብ ሰው ቢኖር እኔ ንጹሕ ነኝ ብለው ያስጠነቅቃሉ። ብዙም ሳይቆይ ዲያቆኑ "ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት" ይላል፤ ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ በተቀደሰ ሰላምታም እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ ማለቱ ነው፣ ሕዝቡም ግራና ቀኝ ዞሮ ከጎኑ ላለው ሰው እጅ ይነሣል። የማላውቃት እናት ነጠላዋን አጣፍታ ዝቅ ስትልልኝ ልቤ ይነካል። ግን ሁሌ የሚታሰበኝ ነገር አለ። ከጎናችን የቆመው አብዛኛውን ጊዜ የማናውቀው ሰው ነው። የተጣላነው ወንድማችን ሌላ ደብር ይሄዳል፤ ወይ እዚያው ደብር ሆኖ በሌላ በር ይገባል። ለማናውቀው ሰው እጅ መንሣት ቀላል ነው።

ጥንት ይሄን ጉዳይ አባቶች ምን ያህል አክብደው እንደያዙት የሚያሳይ አንድ ነገር አለ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያ አካባቢ የተጻፈው ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ጳጳሳትን ሲያዝዝ፣ በምእመናን መካከል ያለውን ክርክር ሰኞ ሰኞ ስሙ ይላል። ለምን ሰኞ? ባይስማሙ እስከ እሑድ ሳምንት ሙሉ ጊዜ እንዲኖር፣ እሑድ ቅዳሴ ሲደርስ ሁለቱም ታርቀው እንዲቆሙ። እንዴት ያለ ማስተዋል ነው! ፍርድ ቤት የሚቀጥረን ፋይሉ ተራ ሲደርሰው ነው። እነሱ የቀጠሩት ቁርባኑን አስበው ነው። የንስሐ አባቶቻችን ይሄን ልማድ ቢያስታውሱት እወዳለሁ። አብዛኛው ቤት የንስሐ አባት አለው፤ ሲታመሙ ይጠራሉ፣ ሲሞቱ ይጠራሉ፣ ጠበል ይረጫሉ። በውርስ ጠብ ጊዜ ግን የሚያስጠራቸው የለም፣ ወይም ተጠርተው "ተዉ ልጆቼ" ብለው ብቻ ይመለሳሉ። ባለጉዳዮቹን ለየብቻ አስቀምጠው "አንተ የያዝከው የማን ነው?" ብለው ቢጠይቁ ስንት ነገር ይፈታ ነበር።

ብዙ ጎልማሶች ከቁርባን የምንርቀው "ገና አልበቃሁም" እያልን ነው። አንዳንዱ መራቅ ከትሕትና ነው፣ አከብረዋለሁ። ሌላው ግን ከወንድም ጋር ላለመታረቅ የተገኘ መሸሸጊያ ነው ብዬ እፈራለሁ። ካልቆረብኩ ማንም "ታረቅ" አይለኝምና። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወገኖቻችንም ከጌታ እራት በፊት "ሰው ግን ራሱን ይፈትን" የሚለውን ያነባሉ፤ ችግሩ እነሱም ጋ ያው ነው፣ ጽዋው ያልፋል፣ ወንድም ከወንድም አይነጋገርም።

አሁን ዐቢይ ጾም ላይ ነን። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ርቀን፣ እስከ ከሰዓት ሆዳችንን አስርበን እንሰነብታለን። ኢሳይያስ 58 ላይ ያለውን ሳነብ ግን ይጨንቀኛል፦ "እነሆ፥ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ።" ነቢዩ የሚናገራቸው ሰዎች ጿሚዎች ናቸው፣ ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉ፣ ማቅ የለበሱ። "ጾምን፣ ለምን አላየኸንም?" ይላሉ ደግሞ። ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን እያሰብን አንጨባበጥም፣ አንሳሳምም። በስቅለት ወድቀን ተነስተን እንሰግዳለን፣ ካህኑ በወይራ ቸብ ቸብ አድርገው ስግደት ያዙናል። ቀዳም ሥዑር ቄጤማ ተሰጥቶን ራሳችን ላይ እናስራለን። እሑድ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ስንባባል መልሱ የሚያበቃው "ፍሥሐ ወሰላም" ላይ ነው። ይሄንን ሁሉ መንገድ ተጉዤ ወንድሜ ጋ አንድ ስልክ ካልደወልኩ፣ ሰላሙን ለማን ነው የማበሥረው?

በስቅለት ከሚነበበው ሁሉ ከዚህ ጉዳይ ጋር አገናኝቼ የማስበው አንድ ቃል አለኝ። ጌታ መስቀል ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ጣር መሐል፣ ዮሐንስን "እናትህ እነኋት" አለው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ደቀ መዝሙሩ ወደ ቤቱ ወሰዳት። እመቤታችን በዮሐንስ በኩል ለሁላችንም እንደተሰጠችን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፣ እኔም እንዲሁ አምናለሁ። በዚያው ላይ ደግሞ ልጅ ሆኖ የእናቱን ነገር ሳይናገር አላለፈም። የት እንደምትኖር፣ ማን እንደሚይዛት፣ በግልጽ፣ ሰው በሚሰማው ቦታ ተናገረ። እኛ ይሄንን መነጋገር ሟርት አድርገነዋል። "ኑዛዜ" የሚል ልጅ "ሞቴን ትመኛለህ?" ይባላል። ወላጆች በጤናቸው እያሉ፣ ልጆቹን በሙሉ አስቀምጠው፣ በ4 ምስክሮች ፊት ሐሳባቸውን ቢያሰፍሩ፣ ያስታመመችውን ቢያስቡ፣ የተቸገረውን ቢያስቡ፣ የንስሐ አባታቸውም ቢገኙ፣ ስንት ጠብ ሳይወለድ ይቀር ነበር! ያዕቆብ ልጆቹን ሰብስቦ ነው የሞተው።

ስለ ትዳር ጓደኞችም አንድ ነገር ልበል። "ሚስቱ ናት እንዲህ ያደረገችው፣ ባሏ ነው የመከራት" የሚለው ወሬ አይጥመኝም። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ግን የገዛ ወንድማችንን ስስት በሌላ ሰው ልጅ ላይ የምንጭንበት ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ካለው የመሬት ጠብ ሁሉ የአብራምንና የሎጥን ያህል የነካኝ የለም። አብራም የሎጥ አጎት ነው፣ የተስፋው ባለቤት ነው፣ መምረጥ የሚገባው እሱ ነበር። እረኞቻቸው ሲጣሉ ግን "እኛ ወንድማማች ነንና በእኔና በአንተ መካከል ጠብ እንዳይሆን እለምንሃለሁ" አለው። ለመነው! ከዚያ "አንተ ግራውን ብትወስድ እኔ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ" ብሎ ምርጫውን ለታናሹ ሰጠ። ሎጥ ለምለሙን ወሰደ። ልብ በሉ፣ የለቀቀው ጉልበት ያለው ነው። ደካማውን "ልቀቅ" ብሎ አላስገደደውም። ይሄ ነው እንግዲህ ለኔ የክርስቲያን ትልቅነት፤ ታላቅ ወንድም፣ ገንዘብ ያለው፣ ካርታው እጁ ላይ ያለው ሰው ቀድሞ ሲለቅ።

ወደዚያ ቤተሰብ ልመለስ። የአሜሪካው ልጅ ደብተሩን ሲጨርስ ዘጋውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። "እኔ ከድርሻዬ ላይ የሚሆነውን እተዋለሁ" አለ። እህቱ "ምጽዋት አልፈልግም" አለችው፣ ተቆጥታ። ተመልሶ ጭቅጭቅ ሆነ። እውነት ለመናገር ይሄኛው ጭቅጭቅ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ እየተነጋገሩ ነበር። አባቴ መሐል ገብተው "ልጄ፣ ምጽዋት አይደለም፤ ያስታመምሽበት ነው። አንቺም እሱ የላከውን ሥራ ብለሽ ቁጠሪለት" አሏት። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማሙበትን እኔ ጻፍኩት። ቤቱ ለጊዜው አይሸጥም። ትልቁን ቤት እህትየው በሕይወት እስካለች ትኖርበታለች። ከጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ተከራይተው ብሩ ለሦስት ይካፈላል። አንድ ቀን የሚሸጥ ከሆነ ከሽያጩ ላይ መጀመሪያ የእህትየው የማስታመሚያ ዋጋ ተነስቶ፣ የቀረው እኩል ይሆናል። መጠኑን ራሱ ወንድምየው ነው የጠራው፤ ሽማግሌዎቹ ካሰቡት ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው "ይቅር ለእግዚአብሔር" የተባባሉት። ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ ከመሐል ይዛ አነሳችው።

ትንሹ ልጅ ግን አልፈረመም። ሰርቪስ ቤቱ በስሙ እንዲሆንለት ይፈልጋል፣ ልጆቼን ወዴት ልውሰዳቸው ይላል፤ እሱም ሐቅ አለው። ስልክ ሲደወልለት አያነሳም። እህቱ ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ ዳቦ ትልካለች፣ ልጆቹም ይቀበሏታል። ሽማግሌዎቹ ሁለት የጓሮ ክፍሎቹን ለእሱ ለቀን የኪራዩን ድርሻ ብናካክስስ የሚል ሐሳብ ይዘዋል፤ የአሜሪካው ወንድም በስልክ እሺ ብሏል። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ሊሄዱበት ተቀጣጥረዋል። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፣ ሦስተኛው የፊርማ ቦታ ክፍት ነው።